ሳልታጠብ የሄድኩ ቀን

እናቴ የታመመ ሰው ሳይታጠብ ከቤት አይወጣም ባይ ነበረች። እሷም ነጠላዋን ሳታስተካክል ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ አትወጣም። በሕይወት ሳለች ይኼ ጠባይዋ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ይናፍቀኛል።

የኔ በሽታ ደግሞ ድንገተኛ ነው። ንብ ሲነድፈኝ፣ አንዳንዴም እንዲሁ ያለ ምክንያት፣ ፊቴና አንገቴ በርበሬ ይመስላል፣ ያሳክከኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ከዚያ ተዝለፍልፌ እወድቃለሁ። ጎረቤቱ የሰው ዓይን ነው አለ። እናቴ የፈራችው ወድቄ እንዳልቀርባት ነበር።

ሐኪም ቤት የምንደርሰው ግን ተኝቼ ከተነሳሁ፣ ታጥቤ፣ ቅባት ተቀብቼ፣ ቀሚስ ከቀየርኩ በኋላ ነበር። ሐኪሟ ደሜን አዲስ አበባ ላከችው፤ ደህና ነው ተባለ። ቀጥሎ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት በጄሪካን አጠራቅሚ አለችኝ። ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ስላለበት ለስላሳ የሚሸጡት ጎረቤታችን ፍሪጃቸው ውስጥ ከተቱልን። ደንበኛ "ብርዝ ነው እንዴ?" ሲላቸው "የሰው አደራ ነው" ይላሉ። እሱም ደህና ነው ተባለ።

በመጨረሻ ሐኪሟ እናቴን አስቀምጣ አስረዳቻት። "ማስት ሴል የሚባሉ የሰውነቷን ሕዋሳት ጠርጥሬያለሁ። ሲቆጡ ደም ውስጥ የሚለቁት ነገር በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። እንደቀላች ያምጡልኝ።"

"እንዲያ ሆነሽ ሰው ፊት?" እያለች እናቴ መንገዱን ሙሉ ስትብሰለሰል መጣች።

አንድ ቀን ኡኬ ከሚባል ቦታ የመጣልንን ማር ጓሮ ስናጣራ ንብ ነደፈኝ። እናቴ እንደ ልማዷ ልታጥበኝ ባልዲውን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተነሺ" ብላ ደግፋ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። እኔ በአንድ እግር ጫማ፣ እሷ ያለ ነጠላ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ እጇ ማር እንደነካው። ነቀምቴ ሙሉ አየን።

"ይቅርታ ዶክተር፣ ሳላጥባት አመጣኋት" አለች።

ሐኪሟ መርፌ ወግታኝ ነፍስ ስዘራ ደሜን ቀዳች፤ ሽንቴም እንደገና ተጠራቅሞ ተላከ። የሁለቱ ቀን ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ለበሽታዬ ስም ሰጠው። የደህናው ቀን ደም ባይኖር የሚነጻጸርበት እንዳልነበረም ሐኪሟ ነገረችን።

"ማጠቤ ለከንቱ አልነበረማ" አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ዛሬ ሲነሳብኝ መርፌዬን ይዤ እንዳለሁ እሮጣለሁ። ለክትትል ስሄድ ግን ታጥቤ፣ ቅባት ተቀብቼ ነው የምወጣው። ደጃፉ ላይ ቆም ብዬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ "አሁን ሂጂ" የምትለኝ እናቴ ግን የለችም።