ሹልሙጭ የማን ነው?

ሐዋሳ መሃል ከተማ ባለ አንድ የጥብቅና ቢሮ በጸሐፊነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ በመጀመሪያው አቤቱታዬ ላይ ከሳሹንና ተከሳሹን አቀያየርኳቸው። አለቃዬ አቶ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን መለሱልኝ። «አከራዩ ከገዛ ቤቱ እንዲወጣ ዳኝነት ጠይቀሻል» አሉኝ። አከራዩ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም።

እየሠራሁ ሕግ ተማርኩ፤ ፈቃድ አውጥቼ እዚያው ቢሮ ጠበቃ ሆንኩ። ለዓመታት የውርስ፣ የድንበርና የመኪና ግጭት ክርክር ይዣለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ግን የዶክተር ማርቆስን ጉዳይ ነው።

ዶክተር ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፈር ሳይንስ ያስተምራሉ። ልብ ወለድም ጽፈዋል። አንድ ቀን ጠዋት መጥተው ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ፎቶው የምግብ ቤት ታፔላ ነው፦ «ሹልሙጭ ዓሣ ቤት»።

«ሹልሙጭ የእኔ ቃል ነው» አሉ። «ከሐይቅ እየወጣ፣ ሰው ሊናገር ያሰበውን ከአፉ የሚሰርቅ ፍጡር ነው። ስሙን ለማውጣት ብቻ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ይክሰሱልኝ።»

«ዶክተር፣ የቅጂ መብት የሚጠብቀው መጽሐፉን ነው። ገጾቹን ገልብጦ የሸጠ ካለ ዛሬውኑ እከሰዋለሁ። አንድ ቃል ብቻውን ግን በቅጂ መብት አይጠበቅም።»

«እኔ ባልፈጥረው አይኖርም ነበር እኮ።»

«እውነት ነው። በንግድ ምልክትነት አስመዝግበውታል?»

«ምን ልሸጥበት? አፈር?»

ክሱ እንደማያዋጣ ነገርኳቸውና የምግብ ቤቱን ባለቤት ሄደን እንድናነጋግር ተስማማን። ሐይቅ ዳር ስንደርስ ባለቤቷ ወይዘሮ አማረች ዱቄት የነካው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተቀበሉን።

«ቃሉን ከየት አገኙት?» አልኳቸው።

«ከተማሪዎች። የሚሉት ሲጠፋቸው ‹ሹልሙጭ ወሰደብኝ› ይላሉ። እኔ ሲዳምኛ መስሎኝ ነበር፤ የሲዳማ ጎረቤቶቼ ደግሞ አማርኛ ነው አሉኝ። ደስ ስላለኝ ለቤቴ አወጣሁት። የንግድ ምልክት እንዲሆንልኝም አመልክቻለሁ።»

የዶክተር ማርቆስ ፊት ፈካ። «ተማሪዎቹ መጽሐፌን አንብበዋል ማለት ነው?»

«መጽሐፍ አለው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አማረች።

ዶክተሩ ከቦርሳቸው አንድ ቅጂ አውጥተው ሰጧቸው። ወይዘሮዋ መሃሉ ላይ ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ሽታው ሦስት ሰፈር የሚያስለቅቅ ሹልሙጭ...» አቆሙና ቀና አሉ። «እኔ ዓሣ የምሸጥ ሴት ነኝ። ይህን ደንበኞቼ ቢያነቡትስ?»

«ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ማተሚያ ቤት ገብቷል» አሉ ዶክተሩ፣ የሚያጽናኗቸው መስሏቸው። «ርእሱ ‹የሹልሙጭ መመለስ› ነው።»

«በቤቴ ስምማ አይወጣም። እከስዎታለሁ።»

ሊከሱ የመጡት ደንበኛዬ ተከሳሽ ሊሆኑ ነው። መጽሐፉም ዶክተሩ ሁለት ዓመት የደከሙበት ነበር።

የማመልከቻውን ቅጂ ጠይቄ አነበብኩ። «ያመለከቱት ለምግብ ቤት አገልግሎትና ለተዘጋጀ ዓሣ ነው» አልኳቸው። «ቢመዘገብልዎት፣ ሌላ ሰው በዚህ ስም ምግብ ቤት እንዳይከፍት ይከላከሉበታል። ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ፍጡር ላይ ግን አይደርስም።»

ወይዘሮ አማረች መጽሐፉን ዘጉት። «እንግዲያው በሁለተኛው መጽሐፍ ገላውን ይታጠብ።»

«አይሆንም» አሉ ዶክተሩ። «በመጨረሻ የሚያዘው ሽታውን ተከትለው ሲደርሱበት ነው።»

ገላ በመታጠቡ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የከረረ ድርድር አላየሁም። በመጨረሻ ውሉን እዚያው ጻፍኩ፦ ዶክተሩ ዓሣ ቤቱን አይቃወሙም፤ ወይዘሮዋ መጽሐፎቹን አይቃወሙም። በአዲሱ መጽሐፍ መግቢያ ላይም አንድ መስመር ይገባል፦ «በዚህ ታሪክ ያለው ሹልሙጭ ከማንኛውም ምግብ ቤት ጋር ዝምድና የለውም።» ሁለቱም ፈረሙ።

ስንወጣ በር አጠገብ የተቀመጠች ሴት አስተናጋጁን «አንድ ሹልሙጭ፣ ዳጣ ይብዛበት» አለችው። ዶክተር ማርቆስ ቆሙ። የተከፉ መስሎኝ ነበር።

«‹ሙ›ን አጠበቀቻት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ላልታ ነው የምትነበበው።» ሊያርሟት ሲዞሩ ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

ቃል ፈጥሮ ለሚመጣ ደራሲ ሁሉ የምነግረው አንድ ነው። የቅጂ መብት የጻፍከውን ታሪክ ይጠብቅልሃል። ቃሉን ለንግድ ከፈለግኸው ቀድመህ አስመዝግበው። ካልፈለግኸው ግን ሰው እንዳሻው ይጥራው።