በሁለት ኩባያ የተዋጠ ክኒን

መጀመሪያ የከዳኝ ትከሻዬ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ኩንታል ተሸካሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የማሽላ ኩንታል ጭነውልኝ ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ጉልበቴ ታጠፈና ከነኩንታሉ ተዘረጋሁ። ጓደኞቼ ሳቁ። «ትናንት የት ስትጠጣ አመሸህ?» አሉኝ። ምንም አልጠጣሁም። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል ሳል ይዞኝ ነበር፤ የእህሉ አቧራ ነው ብዬ ናቅሁት። ስተኛ ላብ ያጠምቀኛል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው አልኩ። ሱሪዬ ከወገቤ ሲንሸራተት ቀበቶዬን በምስማር በስቼ አጠበቅኩት። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሁሉም ነገር ሰበብ እየፈለጋችሁ ለተቀመጣችሁ ነው። ወር ያለፈው ሳል አቧራ አይደለም።

ከዚያ ደም ተፋሁ። መጋዘኑ በር ላይ ነው። ደማቅ ቀይ። አረፋ ነበረው። በእግሬ አፈር መለስኩበት። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። አይተውኛል። ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ ጣሳ ውሃ የሚጠጣ ጠፋ።

ደሴ ወጥቼ ራጅ ተነሣሁ፤ አክታዬም ተመረመረ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ። ይድናል» አለኝ። «ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ሁለት ወር በየቀኑ ትወጋለህ። ክኒኑ ግን ዐሥራ ስምንት ወር ነው። ተሻለኝ ብለህ እንዳታቆም።» አንገቴን ነቀነቅሁ። ከተናገረው ሁሉ ሆዴ የገባው «መርፌ» የሚለው ብቻ ነው። ሁለት ገጽ ያላት የቀጠሮ ካርድም ሰጠኝ። ማንበብ አልችልም ነበር፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

መርፌውን እዚያው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነበር የምወጋው። የሚወጋን ድሬሰር ጋሽ ሰይድ ይባላል፤ የደጋን ከተማ ሰው ነው፤ ጢሙ ወደ ሽበት ያደላ፣ ቀልደኛ። ስልሳ መርፌ ወጋኝ። ሳሉ ቆመ፣ ላቡ ቀረ፣ እንጀራ እንደ ድሮው ይጣፍጠኝ ጀመር። እኛ ዘንድ መድኃኒት ማለት መርፌ ነው፤ የሚያመው ነው የሚያድነው ብለን እናምናለን። ክኒንማ ለራስ ምታት ነው። ስለዚህ መርፌው ሲያልቅ በሽታዬም ያለቀ መሰለኝ። ለዚህ ስሕተት የማንም እጅ የለበትም። የራሴ ነው።

ቀጥሎ የሠራሁትን ግን ብቻዬን አልሠራሁትም።

እትዬ የሺ ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔው ጋር ነበረች፤ ስታመምም የምታስታምመኝ እሷ ናት። ደም የተፋሁ ዕለት ለካ ተስላ ኖሯል፦ ደሙ ከቆመ ደሴ አጠገብ ከገራዶ አለፍ ብሎ ካለ ጸበል ወስዳ ሁለት ሱባኤ ልታስይዘኝ። ስለት የተሳለ ሰው ካልፈጸመ ምን እንደሚሰማው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለቀበሌው ዘመድ ልንጠይቅ ነው ብለን የይለፍ ወረቀት አጻፍን። ያን ጊዜ እምነት ኋላ ቀርነት ይባል ነበር፤ ሊቀመንበሩ ለጸበል መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ በስብሰባ ላይ አቁሞ መሳቂያ ያደርገን ነበር። በሽተኞች ሆነን እንኳ መደበቅ ነበረብን።

ጸበሉ በር ላይ አባ ወልዴ የሚባሉ አጥማቂ ተቀበሉን። የእህቴን ዘንቢል ፈተሹ። የክኒኑን ጠርሙስ አወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የሳንባ መድኃኒት ነው፣ አባ።»

«ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ነው የመጣኸው? ሁለት ደጅ አይጠናም። ይህን ይዞ የሚገባ ጸበሉን ይፈታተናል።»

እህቴ ጠርሙሱን ተቀብላ ገደል ወረወረችው። ድንጋይ ላይ ሲሰበር ሰምቻለሁ። አልተከራከርኩም። ደስ አለኝ እንጂ፤ ክኒኑ ያቅለሸልሸኝ ነበር።

ዐሥራ አራት ቀን በዚያ ብርድ ጎህ ሲቀድ ተጠመቅሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምን፤ ከዚያ ቆሎና ሽምብራ። የምንተኛው ጠባብ የሣር ጎጆ ውስጥ ነው፤ እትዬ የሺ አጠገቤ፣ እስትንፋሳችን እየተገናኘ። ከዚያ በፊት ስልሳ መርፌ ስለጠጣው ገላዬ ማንም አላሰበም። በዐሥራ አራተኛው ቀን ሕዝብ ፊት ቆሜ «ድኛለሁ» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። እህቴ አለቀሰች። ውሸት አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ክኒን ልወስድ ስላልሄድኩ ጋሽ ሰይድ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ጓደኞቼ ፊት የነቀርሳ ሐኪም ስለጠየቀኝ አፈርኩና ጮህኩበት።

«ድኛለሁ። ሌላ በሽተኛ ፈልግ።»

«ወላሂ በሽተኛ አላጣሁም» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «መምጣቱንስ ትመጣለህ። ተሸክመውህ እንዳትመጣ ብዬ ነው።»

በዚያ ሰሞን ነው ፊደል የቆጠርኩት። ለዕውቀት ብዬ እንዳይመስላችሁ። መሠረተ ትምህርት ያልገባ የቀበሌውን ስኳር አያገኝም ስለተባለ ነው። ጎልማሳ ሰው ልጅ የሚያክል አስተማሪ ፊት «ሀ ሁ» ሲል እንዴት እንደሚያናድድ አልነግራችሁም። ግን አንባቢ ሆንኩ፤ ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ።

ክኒኑን ካቆምኩ አምስት ወር ቆየሁ። ሳሉ ተመለሰ። ዝም አልኩ። ላቡ ተመለሰ። ዝም አልኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብሴን ስለብስ አፌን ደም ሞላው። አልቆም አለ። አንድ ሳፋ። እህቴ ሳፋውን ይዛ ቆማለች።

በቃሬዛ ወሰዱኝ። ጋሽ ሰይድ አየኝ። አንድም ቃል አልተናገረም። ይህን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ደሴ ያው ወጣት ሐኪም የድሮውንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን አድርጎ አየ። ያኔ አንዱ ሳንባዬ ብቻ ነበር የተጎዳው። አሁን ሁለቱም።

«ለምን አቆምክ?»

«መርፌው አለቀ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ያለቀው መርፌው ነው፤ በሽታው አይደለም» አለኝ። «አሁን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። የበሽታው ትል መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።»

ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ካርዴን ከላስቲኳ አወጣኋት። ጸበሉ ድረስ ኪሴ ውስጥ አብራኝ ሄዳ ነበር። በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩ። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ማቋረጥ ክልክል ነው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ካነበብኩ ወዲህ እንደዚያ ያመመኝ ጽሑፍ የለም።

አልጋ ያዝኩ። በሁለተኛው ዙር መርፌ ግራ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ፤ ከዚያ ጸጥ አለ፤ እስከ ዛሬ ጸጥ እንዳለ ነው። እዚያ አልጋ ላይ እግዜርን አኮረፍኩት። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ደጅህ መጣሁ፣ ጾምኩ፣ ሕዝብ ፊት መሰከርኩልህ፣ ምስክርነቴን በደም አስዋጥከኝ አልኩት። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ሳልፍ አላማትብም ነበር። ቀበሌውም ደስ ብሎት ይሆናል። ሊቀመንበሩ «ንቃተ ህሊናህ አደገ» ሲለኝ እሱንም ሰደብኩት፤ በልቤ ነው፣ በአፌ ብሰድበው የት እንደምገባ አውቃለሁ።

ቤት ስመለስ እትዬ የሺ ትስላለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትደብቀኛለች። የት እንደያዛት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያን ጎጆ አስታወስኩ። አክታዋ ተመረመረ፤ ተገኘባት።

እምቢ አለች። «እኔ ያንን ጠርሙስ ስወረውር ለእግዚአብሔር ብዬ ነው። አሁን እኔው ስታመም ላነሣው ነው? ምን ብዬ?»

«እኔን አላየሽም? ሁለቱም ሳንባዬ ነው የተበላ።»

«አንተ እምነትህ ጎዶሎ ነው።»

ተቆጣሁ። ሰደብኳት፤ አባ ወልዴንም ጸበሉንም ጨምሬ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እየቀለጠች ነበር። ልታመልጠኝ መሆኑን ሳይ ስድቤ አለቀብኝና ጋሽ ሰይድን ጠርቼ አመጣሁት። በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ የሺ፣ እኔ እስላም ነኝ፤ ስለ ጸበል አልከራከርዎትም» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ክኒኑን በምን ውሃ ቢውጡት ነው እግዚአብሔር የማይቆጣ?»

ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። «በዚያው ጸበል ከሆነ» አለች።

ጋሽ ሰይድ ወደኔ ዞረ። «በል፣ ጄሪካን ፈልግ።»

ዳግመኛ አልረግጠውም ብዬ የማልኩበት ቦታ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ተሳፍሬ፣ ደሴ ወርጄ፣ ከዚያ በተገኘው መኪና፣ ሲጠፋ በእግሬ፣ በየኮረብታው እያረፍኩ። እኔም ገና በሽተኛ ነኝ። አባ ወልዴ አወቁኝ።

«ተመለስክ፣ ልጄ?»

«አልተመለስኩም። ለውሃ ነው የመጣሁት።»

«እህትህስ?»

«ታማለች። እዚሁ ከኔ የያዛት ነው። በዚህ ውሃ ክኒን ልትውጥበት ነው፤ ከፈለጉ ይከልክሉኝ።»

ጄሪካኗን ከእጄ ወሰዱ። ይሰብሯታል ብዬ ነበር። ወርደው እሳቸው ራሳቸው ሞሏት፣ ባረኳት፣ አመጡልኝ። «እኔ ውሃውን እባርካለሁ» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «በምን እንደምትጠጣው አልጠይቅም።»

ይህችን ቃል ያን ጊዜ በሩ ላይ ቢሏት ኖሮ ግራ ጆሮዬ ዛሬ ይሰማ ነበር። አላመሰገንኳቸውም። ተሸክሜ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እመላለስ ነበር፤ እሳቸውም በየጊዜው እየወረዱ ሞሉልኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። ጄሪካኗ ግን አንድም ቀን ባዶዋን አልተመለሰችም።

እትዬ የሺ መርፌው ላይም የራሷ ሥርዓት ነበራት፤ ቦታውን በጸበል ሳትቀባ አትወጋም። ጋሽ ሰይድ «አልኮሉን እኔ ላስቀድም እንጂ ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ ይዋኙበት» ይላት ነበር። መጀመሪያ ኮስተር ትላለች፤ በኋላ በኋላ እየሳቀች ነው የምትወጋው።

ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሁለት ኩባያ። በእሷ ጸበል፣ በእኔ የቧንቧ ውሃ፤ እልህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከመሠረተ ትምህርት በተረፈችኝ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ጭረት አሰምራለሁ፣ አንድ ለእሷ አንድ ለእኔ። ትኩሳት ያለባት ቀን፣ የሚያስመልሳት ቀን፣ የጾም ቀን፤ ጭረቱ አልተዘለለም። የጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልውጥም ብላ ነበር፤ ይሁን ብዬ ሰዓቱን ጠብቄ ሰጠኋት። መልመድ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ሰውን ከእምነቱ ጋር ታግሎ ክኒን ማስዋጥ አይቻልም፤ ከእምነቱ ጋር አብሮ ተቀምጦ ግን ይቻላል። ይህን ለማወቅ አንድ ጆሮ ከፍዬበታለሁ።

እየቆየ ነገሩ ቀለለን። እሷ ከሰል ማቀጣጠል ጀመረች፣ ከዚያ ገበያ መውጣት፤ እኔ ኩንታል ባልችልም መጋዘኑ ውስጥ ቆጣሪ ሆንኩ፣ ያቺ በግድ የተማርኳት ፊደል እንጀራ ሆነችኝ፤ ጓደኞቼም አንድ በአንድ በእኔ ጣሳ ውሃ መጠጣት ጀመሩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ሞላሁላቸው።

እግዜርን በተመለከተ ኩርፊያዬ ጨርሶ አልወጣም። ግን እንነጋገራለን።

አሁን ምክሬን ስሙ፤ ደግሜ አልናገርም። መርፌ ሲያልቅ በሽታ አያልቅም። ደኅና ነኝ ብላችሁ የምታቆሙበት ቀን በጣም አደገኛው ቀን ነው። የምታስታምሙ ሰዎች መስኮት ክፈቱ፤ እናንተም ተመርመሩ። ካርድ ከሰጧችሁና ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ፣ አትፈሩ። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ማንም ግን በር ላይ ጠርሙሳችሁን እንዳይቀበላችሁ። የሚቀበላችሁ ሰው ሳፋውን ይዞ አይቆምላችሁም።

ጋሽ ሰይድ፣ የስድብ መልስ በትዕግሥት ስለሰጠኸኝ አላህ ይስጥህ፤ በራስህ አምላክ ስም ነው የማመሰግንህ። ለወጣቱ ሐኪምም ምስጋናዬ ይድረሰው።

የኔ ክኒን ከእሷ ቀድሞ ነው ያለቀው። በመጨረሻዋ ጠዋት ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ ቀበሌው ከዘጋው ሦስት ቀኑ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው የእሷ ጄሪካን ብቻ ነው። የመጨረሻ ክኒኔን ይዤ ተቀመጥኩ። እትዬ የሺ አየችኝ፤ ኩባያዬን ወስዳ ሞላችልኝ። ዋጥኩት። ደብተሩ ላይ ጭረቴን አሰመርኩ።

«ያዳነህ የዛሬው ነው» አለችኝ።

በደህናው ጆሮዬ በኩል ነበረች፤ አልሰማሁም ለማለት አልቻልኩም። የእሷን ክኒን ከጠርሙሱ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።