ለሌለ መንገድ የተሠራ ጋራዥ

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው፤ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ለአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ሲሠራ። በመጀመሪያው ቀን ባሬላ አሸከሙኝ። ከፊት አንድ ሰው፣ ከኋላ እኔ፣ መሐል ላይ ድንጋይ። ከሰዓት በኋላ ድካሙ ዓይኔን ጋርዶኝ የተወጠረውን ሲባጎ በእግሬ ጠለፍኩትና አንዱ ችካል ተነቀለ። ማንም አላየኝም ብዬ መልሼ ተከልኩት።

የቀን ሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው ጋሽ ወርቁ ግን አይቶኛል። መጥቶ ሜትሩን ዘረጋ። «አራት ጣት ወደ ውስጥ ገብተሃል» አለኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ ነው ብዬ ነው» ስለው «ለአንተ ትንሽ ነው! እዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኛው ሰውዬ ግን ዕድሜ ልኩን በአልጋውና በግድግዳው መሐል በጎኑ ሲሹለከለክ ይኖራል» ብሎ ጮኸብኝ። ችካሉን ሁሉ አስነቅሎ እንደገና አስለካ። ሠራተኛው እስኪመሽ ሲሰድበኝ ዋለ።

ከባሬላ ወደ ግንበኛ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ግንበኝነት፣ ከዚያ ወደ ካቦነት፣ በመጨረሻም ፎርማን ለመባል አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያልቆፈርኩት ሰፈር የለም። አሁን ጉልበቴ ስለከዳኝ ቁጭ ብያለሁ። ሥራውን የጀመሩ ልጆች እየመጡ «ጋሽ ተፈራ፣ አዲስ ቤት ሲታቀድ የግድ መኖር ያለበት ምንድነው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምነግራቸው ባለቤቶቹ የግድ ነው ብለው ያሠሩኝን ነው። ጉዳቸውን ይስሙ!

ሱሉልታ ላይ አንድ ነጋዴ ሳሎኑ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለኝ። የእንጦጦን ጀርባ ብርድ የማያውቅ ሰው! እዚያ እኮ ጠዋት የሚሮጡት አትሌቶች እንኳ ጃኬታቸውን የሚያወልቁት ላብ በላብ ከሆኑ በኋላ ነው። «ሳሎኑ ይበርድዎታል» አልኩት። «መጋረጃ አለ» አለኝ። በዓመቱ የፈነዳ ቧንቧ ልጠግን ስሄድ ሶፋው ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከጓሮ ሰርቪስ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ ምሳ ይበላል። «ሳሎኑስ?» አልኩ። «ለእንግዳ ነው» አለችኝ ሚስቱ። «እንግዳስ ሲመጣ?» ብላት «ይበርደዋል ብለን እዚሁ እናስገባዋለን» አለች።

ሰበታ ላይ ደግሞ ከበሩ ፊት አራት ወፋፍራም ዓምድ ያስቆመ ሰው ነበር። ዓምዶቹ የሚሸከሙት ነገር የለም፤ ዝም ብለው ይታያሉ። የውሃ ታንከር የት እናስቀምጥ ስለው ቦታ አልቋል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር! ሚስቱ እስከ ዛሬ በዓምዶቹ መሐል ጀሪካን ደርድራ ትኖራለች።

ከሁሉም የከፋው ግን ጋራዥ ነው። ሳይክል እንኳ የሌለው ሰው ጋራዥ ካልተሠራልኝ ይላል። የልጆች መኝታ ይጠባል፤ ጋራዡ አይነካም። ስንት ጋራዥ ሠርቻለሁ፣ ውስጣቸው ሲታይ ሽንኩርት፣ አሮጌ ፍራሽና የተሰበረ ወንበር ነው። እንደ አቶ ዳንኤል ጋራዥ ያለ ግን አልሠራሁም፤ በእሱ ላይ ስስቅ በራሴም ላይ ነው የምስቀው።

አቶ ዳንኤል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ ኖሯል። አከራዮቹ እንግዳ ሲመጣበት የሚቆጡት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ የግቢውን በር የሚዘጉበት ሰው ነበር። ስለዚህ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ወዲህ መሬት ሲገዛ ደስታው ልክ አጣ። በዚህ አልፈርድበትም።

መሬቱ በስተጀርባው ጋሪና አህያ የሚያልፍበት መንገድ አለው፤ ጠባብ ቢሆንም መኪና ያስገባል። በፊት ለፊቱ ያለው የኦቦ ገመዳ የስንዴ ማሳ ነው። ኦቦ ገመዳ ስድሳውን ያለፉ ገበሬ ናቸው። መሬታቸው እያነሰ እያነሰ ሄዶ የተረፈቻቸው ይቺው ማሳ ብቻ ነበረች።

ደላላው ለአቶ ዳንኤል አንድ ባለ ቀለም ፎቶኮፒ ሰጥቶታል። ጊዜው አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያቅዳል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ የነገሠበት ነበር። ፎቶኮፒውን ማን እንዳተመው ሰይጣን ይወቀው። በላዩ ላይ አንድ ቢጫ መስመር በኦቦ ገመዳ ማሳ መሐል ያልፋል። «ሃያ ሜትር አስፋልት» አለኝ አቶ ዳንኤል፣ ጣቱን እየጎተተበት። «ጋራዡም የግቢው በርም ወደዚህ ይዙር።»

«አቶ ዳንኤል፣ አሁን ያለው መንገድ እኮ በጀርባ ነው» አልኩት።

«እሱ ለአህያ ነው። በዚያ በኩል ሰርቪስ ቤቱንና የሽንት ቤት ጉድጓዱን ጠርቅመህ ሥራበት።»

«መንገዱ እስኪወጣ ድረስስ?»

«ፎርማን፣ አንተ የምታየው ዛሬን ነው። እኔ የማየው ነገን ነው።»

ምን ቸገረኝ አልኩ። ሲባጎውን ወጠርኩና ጋራዡን ወደ ስንዴው አዞርኩት።

እዚህ ላይ አገሬው የሚያውቀውን፣ ከተሜው ግን የማይገባውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዝመራ ከተነሳ በኋላ የታጨደ ማሳ ክፍት ነው። ከብት ይገባበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ጋሪ ያልፍበታል፤ ማንም ማንንም አይከለክልም። ማረሻ ሲገባ ግን ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወዳጅም ቢሆን በድንበሩ ይዞራል። እኛ ሥራ የጀመርነው በበጋ ስለነበር የአሸዋውም የብሎኬቱም መኪና በማሳው ላይ ገባ። ኦቦ ገመዳ አንድም ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩም። አቶ ዳንኤል ደግሞ ይህን ሲያይ መንገዱ የእሱ መሰለው።

አንድ ቀን ኦቦ ገመዳ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ሥራ ቦታው ገቡ። ፎቶኮፒው ከሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። አጎንብሰው አዩት። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?» አሉኝ።

«ፕላን ነው፣ ኦቦ።»

«የእኔ ማሳ የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ከቢጫው ቀለም በቀር ምንም የለም። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉና «እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ።

«ይተዉት፣ ኦቦ፣ ወረቀት ነው» አልኳቸው። እንዲህ ያልኳቸው እሳቸውን ለማረጋጋት አይደለም፤ እንዲሄዱልኝና ሥራዬን እንድጨርስ ነው።

ሰርቪስ ቤቱም ዋናው ቤትም አለቀ። በቀጣዩ አዝመራ ማግስት አቶ ዳንኤል ገባበት። ያገለገለች ነጭ መኪናም ገዛ። በታጨደው ማሳ ላይ እየነዳ ወደ ጋራዡ ሲገባ ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ ኧረ የት አባቱ!

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር ፈላ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ወጡ። ቀጥሎ የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሱቆች ተቆለፉ፣ ሚኒባሶች ቆሙ። ጥያቄው ያው ኦቦ ገመዳ የጠየቁት ነበር፤ መሬታችን ላይ ሲታቀድ ማን ጠየቀን የሚል። የሞቱ ልጆች ነበሩ፤ በዚያ ላይ የማሾፍበት አፍ የለኝም። እኔ ሥራዬ ቆመ። ሰበታ የነበሩት ግንበኞቼ መምጣት አቃታቸው፣ እኔም ለወራት እጄን አጣጥፌ ቤቴ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ለአቶ ዳንኤል ደወልኩለት። «ለማብረጃ ያሉት ነው። አስፋልት የት ይሄዳል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዝናቡ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ኦቦ ገመዳ በሬዎቻቸውን ጠመዱ። የዚያን ቀን አቶ ዳንኤል በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ አውቶቡስ ሄዷል፤ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ነበረች። ማታ ሲመጣ ማሳው እስከ ጋራዡ ደፍ ድረስ ታርሷል። መኪናዋ ውስጥ ቀረች! ሮጦ ኦቦ ገመዳ ቤት ሄደ። «አንተ፣ መንገዴን አረስክብኝ» አላቸው፤ በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ብሎ። እሳቸው የመለሱለት «ማሳ ነው ያረስኩት» ብቻ ነው።

በነጋታው ለእኔ ደወለ። «ኦቦ ገመዳ ቅዳሜ ለቅሶ ይሄዳል። ሁለት ገልባጭ መኪና ገረገንቲ ከበሩ እስከ ማሳው ጫፍ አፍስስልኝ። አንዴ ከፈሰሰ ማን ያነሳዋል?»

ገረገንቲ የመንገድ ማንጠፊያ ጠጠር ነው፤ እሱ ፈሶበት በሩሎ መኪና የተዳመጠ አፈር ስንዴ አያበቅልም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለሽማግሌው የቀረቻቸው ማሳ ለሁለት ተከፍላ ትሞት ነበር። ግን ወራት ሙሉ ሥራ ፈትቻለሁ፤ እሺ አልኩት። እንዲህ ነበርኩ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ገልባጭ ከማሳው ጫፍ ደረሰ። ኦቦ ገመዳ ግን ለቅሶ አልሄዱም። እንቅብ ይዘው ስንዴ ይዘራሉ። መኪናውን ሲያዩ አልጮኹም፣ ሰውም አልጠሩም። እንቅቡን እንደያዙ ቀስ ብለው መጡና ገረገንቲውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ተፈራ፣ ይሄም ወረቀት ነው?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «ጋሼ፣ ልገልብጥ?» ይለኛል። አቶ ዳንኤል ከደጁ ላይ ቆሞ በእጁ ና ና ይላል። እኔ ለሾፌሩ በኋላ ማርሽ ውጣ የሚል ምልክት አሳየሁት። ገረገንቲውን አዙረን ከቤቱ ጀርባ፣ በአህያው መንገድ ጭቃ ላይ ደፋነው።

አቶ ዳንኤል ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣ። «ምን አደረግክ አንተ?»

«መግቢያዎ በዚህ ነው። ሰርቪስ ቤቱን እናፍርስና በር እናውጣለት» አልኩት።

«አብደሃል! በስንት መከራ ያሠራሁትን አፍርስ? ጥፋ ከዚህ! ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ!»

ክረምቱን ሙሉ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ከረመች። አቶ ዳንኤል በየጠዋቱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በማሳው ድንበር ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሚኒባስ ይሄድ ነበር። እሁድ እሁድ ጋራዡን ከፍቶ መኪናዋን ያጥባታል አሉኝ። ያላጨቀየችውን መኪና! የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየው ነበር።

ኅዳር ላይ የደወለችልኝ ሚስቱ ወይዘሮ ፀሐይ ናት። «ጋሽ ተፈራ፣ እባክዎ ይምጡና ያንን ሰርቪስ ያፍርሱልኝ። እሱን እኔ እችለዋለሁ» አለችኝ። ሁለት ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ። አቶ ዳንኤል ጉዱን ሰምቶ እንዳልሰማ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል። ቆርቆሮውን አንስተን፣ ሁለቱን ክፍል በመዶሻ መናድ ጀመርን።

ቀትር ላይ ኦቦ ገመዳ በፊት ለፊቱ በር መጡ። ስንዴው ታጭዶ ተነስቷል። «ዳንኤል፣ ማሳው ባዶ ነው። መኪናህን አውጣ፤ እስካርስ ድረስ የሚከለክልህ የለም» አሉ።

አቶ ዳንኤል ቁልፉን ይዞ ገባ። መኪናዋ ግን ባትሪዋ ሞቷል፤ ክርርር ብላ ዝም። ሁላችንም ለመግፋት ወጣን። ኦቦ ገመዳም ነጠላቸውን አደግድገው ከመሐላችን ገቡ። «ኧረ እርስዎ ይተዉት!» አለች ወይዘሮ ፀሐይ። አልሰሟትም። እሱ መሪ ይዞ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው ሊነጠቁ በነበረው ማሳቸው ላይ መኪናውን ገፉለት። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሥራ ዘመኔ አፍሬ አላውቅም።

ዞረን የአህያው መንገድ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ተነሳ። አቶ ዳንኤል ወረደ። ኦቦ ገመዳ ላባቸውን እየጠረጉ «ከዛሬ በኋላ በየት ልትገባ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«በዚህ ነው፣ ኦቦ» አለ፣ እኛ የናድነውን ግድግዳ እያሳየ። አንተም እርስዎም አላለም፤ ድምፁ ግን ወርዷል።

ሽማግሌው ፍርስራሹንም መንገዱንም አዩ። «መንገዱ እኮ ድሮም እዚሁ ነበር» አሉና ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

አዲስ ቤት ሲታቀድ የግድ መኖር ያለበት መግቢያ ነው። መግቢያው ዛሬ በመሬቱ ላይ ቆማችሁ የምታዩት መሆን አለበት። በሌላ ሰው መሬት የሚያልፍ ከሆነ አንድ ችካል ከመትከላችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሠርቻለሁ።