ፊልሙ የቆረጠው መርዶ

ቡሬ አጠገብ ካለው መንደራችን የወጣሁ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ባጃጁ ደጃችን ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል፤ አባቴ ግን ያንን የተቀዳደደ ልቦለድ ቦርሳዬ ውስጥ ለመክተት ይታገላሉ። ማታ ማታ እያነበቡ ያሳደጉን መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩም የእኛው አገር ገጠር ታሪክ ነው።

«ሲከፋሽ አንብቢው» አሉኝ። «መርዶውን ግን ዝለይው ልጄ፤ እሱ ለብቻ ሆነው የሚያነቡት አይደለም።»

አሁን ኦስሎ ነኝ። እርጎ እንኳ ስኳር ገብቶበት የሚሸጥበት አገር! ባለፈው እሑድ ያ ልቦለድ ፊልም ሆኖ መጣ ሲሉኝ፣ አከራዬን ኢንግሪድን ይዤ ሮጥኩ።

በመጽሐፉ የሴትዮዋ ባል ሰው አገር ይሞታል። መንደሩ ሰምቶ «ደህና ነው» እያለ ይደብቃታል። ከዚያ አንድ ቀን ሳይነጋ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የነፍስ አባቷ ሳይቀሩ ደጇን ይሞሉታል። ማንም ሳይናገር ታውቃለች፤ ስትወድቅ ግን የሚይዛት እጅ ሞልቷል።

ፊልሙስ? ያን ሁሉ ሰው ቆርጦ ጣለው! ዘመኑን ወደ ዛሬ አምጥቶ፣ ሴትዮዋን ተራራ ላይ ብቻዋን አቁሞ በሞባይል መርዶ ነገራት። ዋሽንትም ጨመረበት። ደሜ ፈላ። ተራራው አምሯል፣ ቀሚሷ አምሯል፣ ሰው ብቻ የለም።

«ምን አናደደሽ?» አለችኝ ኢንግሪድ፣ ወደ ቤት ስንመለስ። «ወዲያው ነገሯት፤ ጥሩ ነው እኮ። ሳይነጋ ያን ያህል ሰው በሬን ቢያንኳኳ እኔ ፖሊስ ነበር የምጠራው።»

«ፖሊሱም አብሮ ያለቅስልሽ ነበር» አልኳት። አልሳቀችም። ደህና ዋይ ብላኝ ወደ ፎቋ ወጣች።

ንዴቴን የሚጋሩኝ አባቴ ብቻ ናቸው። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ ያነሳው ታናሽ ወንድሜ ነው።

«አባባን አቅርብልኝ፤ ፊልም ሠሪዎቹ መጽሐፋቸውን አበላሽተውታል!»

«እርሻ ወርደዋል፣ እታለም።»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው።»

አባቴ በሰንበት ሞፈር ነክተው አያውቁም።  ከወንድሜ ኋላ ብዙ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል።

«እኔንም እንደዚያች ሴትዮ?» ብዬ ጮኽኩበት። «ስንት ቀን ልትዋሹኝ ነበር? ንገረኝ!»

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አለኝ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እኛ እኮ ደጅሽ የሚመጣልሽ ሰው አጥተን ነው፣ እታለም።»

ፎቅ ላይ ኢንግሪድ በሯን ስትቆልፍ ሰማሁ።