የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ

በያጁ ሩጫ የጀመረው ቦርጩ የወርክሾፑ መሳቂያ ሲሆንበት ነበር። ዘንድሮ ቦርጭ ብሎ ነገር የለም። ሱሪው በቀበቶ ታስሮ እንኳ አልይዝ ብሎታል፣ ዓይኖቹም ጉድጓድ ገብተዋል። ሩጫው እንዲህ አላደረገውም፤ ከሩጫው በኋላ እህል አልወርድ ስላለው ነው።

እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ዳገቱን ሮጠው ሲመለሱ የሚያርፉባት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሙዝና ወተት ይቀርብላቸዋል። ድሮ ቀድሞ የደረሰው ጠራርጎ ይበላና ኋላ የቀረው ልጣጭ ያያል። ጭቅጭቁ ሲበዛ ሕግ አወጡ፤ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ማንም እጁን አይዘረጋም። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከመካከላቸው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። «ጭራ» ብለው ስም አወጡለት። እሱም አልከፋውም፤ ላቡን እየጠረገ ይገባና «ጌቶቼ፣ አሁን መብላት ትችላላችሁ» ይላቸዋል።

አንድ እሁድ ዳገቱን ሁለቴ ወጡት። ከማን አንሼ ሆኖባቸው ነው እንጂ ዕድሜያቸው ለዚያ የሚሆን አልነበረም። በያጁን ርሃብ ሞርሙሮታል፣ ዳቦው ደግሞ ገና ከምድጃ መውጣቱ ነው። «ጭራ እንደሆነ የትም አይሄድ» አለና አነሣ። እሱ ሲያነሣ ሌሎቹም አነሡ። በልተው፣ ወተቱን ጠጥተው፣ ቀልደው ሲያበቁ ነው የጭራ ወንበር ባዶ መሆኑን ልብ ያሉት። ተመልሰው ሲፈልጉት ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ግንብ ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኙት። ቀዝቅዞ ነበር።

ሐኪሙ «ልብ ነው፣ ብትጠብቁትም ያው ነበር» አላቸው። ጓደኞቹ «የሞተ ተጎዳ» ብለው ብዙም ሳይቆዩ ወደ እንቁላላቸው ተመለሱ። በያጁ ግን ከኋላው ማንም እንዳይቀር ከሁሉም ኋላ መሮጥ ጀመረ። ከኋላው ኮቴ ይሰማዋል። ቆም ሲል ኮቴውም ይቆማል። ገበታው ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ዳቦ ቢቆርስም ሳይጎርስ መልሶ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ብረት እየበየደ ሳለ ራሱን ስቶ ወደቀ።

«ሮጦ የማይበላ ሰው ራሱን ነው የሚበላው» አለችው ሚስቱ። «ወይ ብላ፣ ወይ ሩጫውን ተው።»

«እኔ ከተውኩት እሱን ማን ይጠብቀዋል?» አላት።

ሚስቱ ፈራች። በማግስቱ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሚስት ቤት ሄደች።

በቀጣዩ እሁድ በያጁ ከሩጫ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጫማውን ሲፈታ የሟቹ ሚስት በፌስታል የተቀቀለ እንቁላልና ድንች ይዛ ገባች። ከቀብሩ ወዲህ አላያትም፤ ፊቷን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር» አለች። «ቁርስ ከለከልኩት። ‹ጓደኞችህ ያብሉህ› አልኩት፤ ዝም ብሎ ወጣ።»

በያጁ አንድ ጫማውን እንዳደረገ መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ለኔም ልቡ ነው ብሎኛል። አንተ አመንከው?»

«አላመንኩትም።»

«እኔም። ይኸው ከዛ ወዲህ ከሻይ ሌላ አይወርድልኝም።»

እጇን አየ። ቀለበቷ ከጣቷ እንዳይወልቅ ክር ተጠምጥሞበታል። እንቁላል ልጦ ሳህን ላይ ለሁለት ከፈለና ጨው ነሰነሰበት።

«ብይ እህቴ።»

«አንተ ቅደም።»

«ግድ የለም፣ ብይ።»

«አንተ ካልበላህ አልበላም።»

ለሷ ሲል፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ወረደለት። ሆዱ ሌላ ጠየቀ፤ እጁም ሳያዘው ወደ ድንቹ ሄደ። ልክ ያን እሁድ እንደበላው ዳቦ ጣፈጠው፤ ያስለቀሰውም መጣፈጡ ነው። እሷም ድርሻዋን እያኘከች ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት።