ኮልተን ስለ ሮዌና ያወጣው መላምት

ዊኒፔግ ውስጥ፣ ድንጋይ በበረዶ ላይ በምናንሸራትትበት ክለብ፣ በረዶውን የምታበጀው ሮዌና ናት። እኔ ወጥ ቤቱን ይዣለሁ። ጠዋት ጠዋት የውሃ ጋን በጀርባዋ አዝላ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ውሃውን በረዶው ላይ ጠብ ጠብ ስታደርገው አያታለሁ። እንደሷ ያለ እጅ በአውራጃው የለም ይላሉ።

ሮዌና እስከ ሠላሳ ዓመቷ ወንድ ተብላ ኖራለች። ያኔ ኢንተርኔት ላይ «ሴት አጣን» እያሉ ከሚያማርሩ ወንዶች ማኅበር ውስጥ ነበረች፤ እኔ «ሳይወዱ የመነኑ» እላቸዋለሁ። ኋላ ሴት መሆኗን ለራሷ አመነች። ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ ስሟን ቀየረች፣ ማኅበሩንም ተሰናበተች።

ባለፈው ጥር ከነዚያ መናኞች አንዱ፣ ኮልተን የሚባል ቀጫጫ የሂሳብ አስተማሪ፣ ሮዌና ሾርባ ልትጠጣ እኔ ዘንድ በተቀመጠችበት፣ ደብተሩን ይዞ ወጥ ቤቴ ድረስ ከች አለ። መላምት አለው፤ ፍቅር ያጣ ወንድ «ሴት ብሆን ያዋጣኛል» ብሎ አስልቶ ይሻገራል የሚል።

«ከተሻገርሽ ወዲህ ስንት ወዳጅ ያዝሽ?» አላት።

«በአራት ዓመት አንድ። ዓሣ ላጠምድ ብሎ እንደወጣ ቀረ።»

«አንድ ብቻ?»

«ምነው፣ ላንተ ስል ሁለት ልበልህ?»

ሳቄ አምልጦኝ ጭልፋው ሾርባው ውስጥ ገባ። ኮልተን ግን ፈገግም አላለ።

«ታዲያ ካላዋጣሽ ለምን?»

«ጢሜን ስላጭ ፊቴን ላለማየት መብራት አጠፋ ነበር፤ አገጬ ተቆራርጦ አለቀ። አሁን አበራለሁ። የፍቅር ማጣቱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አንድ ቤት ኖሩ እንጂ አልተዛመዱም።»

ኮልተን አቀረቀረ። «እኔስ? ምን ላድርግ?»

«አንተማ ወንድ ነህ፣ የኔ ጌታ። ከቤት ውጣ። ና፣ መጥረጊያ ያዝ!»

የሐሙስ ቡድናችን አንድ ሰው ጎድሎት ነበር፤ ድንጋዩ ርቆ እንዲሄድ ፊት ፊቱ በረዶውን የምንፈትገው በመጥረጊያ ነው። ኮልተን ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ በጀርባው ተዘረረ። የሰባ ዓመቷ አለቃችን፣ እማማ ሃልያ፣ ከላይ ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ ድንጋዩን አንሸራት አልኩህ እንጂ ራስህን አላልኩህም!»

በዚያ ቀን ነው ሲስቅ ያየሁት፤ እዚያው በረዶው ላይ እንደተጋደመ።

ክረምቱን ሙሉ አንድ ሐሙስ አልቀረም። ውድድሩን መጨረሻ ወጥተን ጨረስን። ፍቅረኛ አሁንም የለውም፤ ለከርሞ ግን ከሁላችን ቀድሞ ተመዝግቧል።