ደጋ የሆነው መኝታ ቤታችን

የመጀመሪያው ምልክት በግራ አንገቴ በኩል የወጣ እብጠት ነበር። ቀድመው ያዩት በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራዬ የምረዳቸው አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አንገትሽ አብጧል» ሲሉኝ፣ የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ያንኑ ደገሙት እያልኩ ልብሳቸውን አጥፍ ነበር። ከእብጠቱ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና ውጤት ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ሆነ።

ኬሞው ተጀመረ። መብላት አቃተኝ። ውኃ እንኳ አልረጋ አለኝ። ሐኪሜ ሚዛኑን አይታ መዘገበች። ከዚያ «ክብደትሽ ከዚህ ከወረደ ሕክምናውን ለማቆም እንገደዳለን» አለችኝ። ቀጣዩ ሚዛን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ፈራሁ።

ኦንዳንሴትሮን የተባለው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ብዙም ስላልያዘልኝ፣ ካናቢስ አንዳንድ ሰው ላይ እንደሚረዳና ከፈለግኩ ልንነጋገርበት እንደምንችል ጨመረች። ባለቤቴ ታደሰ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ካናቢስ ከሚሸጥበት ሱቅ ሲወጣ ከምእመናን አንዱ ከሚያየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጣል። አገር ቤት ግን ደብረ ብርሃን ላይ የግብርና ባለሙያ ነበር።

«እዚህ ስቴት ለአዋቂ ሰው በቤቱ ጥቂት ማብቀል ይፈቀዳል፤ ቼክ አድርጌያለሁ» አለና ዘር ኦርደር አደረገ። ፓኬቱ ላይ ለከፍተኛ ቦታ የሚስማማ መሆኑ ተጽፏል። እኛ የምንኖርበት ካናል ዊንቸስተር የተባለው ከተማ ደግሞ ጉብታ በመብራት ተፈልጎ የማይገኝበት ሜዳ ነው። ከዘር እስከ አበባ አራት ወር እንደሚፈጅ ስነግረው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ፀሐይ የሚገባው መኝታ ቤታችን ብቻ ስለነበር ስድስት ባልዲ አልጋዬ አጠገብ ተደረደረ። ማዳበሪያው የእንቁላል ቅርፊትና የአትክልት ልጣጭ ሆነ። «ኬሚካልስ አንቺ ደም ውስጥ ያለው ይበቃል» አለኝ። ቡቃያው ብቅ ሲል ደግሞ «የደጋ ዘር ብርድ ካላገኘ ይልፈሰፈሳል» ብሎ ሁለቱንም መስኮት በረገዳቸው።

ከታመምኩ ጀምሮ እዚያ ቤት መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። ብርድ ይመታታል ተብሎ ሁሉም ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ጠያቂ ሁሉ ትኩስ ዶሮ ወጥ ይዞ ይመጣል፤ የቅቤውና የበርበሬው ሽታ ለቀናት አብሮኝ ይተኛል። ክፈቱልኝ ብዬ ስለምን ሰሚ አላገኘሁም። ለስድስት ቡቃያ ግን ወለል ብሎ ተከፈተ። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

የጸሎት ቡድናችን መሪ እትዬ አስካለ ሊጠይቁኝ ሲመጡ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ አገኙኝ።

«አንተ ታደሰ፣ ልጅቷን በብርድ ልትገድላት ነው?»

«ቡቃያው አየር ይፈልጋል፣ እትዬ።»

«የምን ቡቃያ?»

ሽማግሌ አይዋሽም። «መድኃኒት ነው» አለ፣ ወደ ጫማው እያየ።

እትዬ አስካለ ባልዲው ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ሌላ ጊዜ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ጸሎታቸው በብርዱ ምክንያት በሦስት ደቂቃ አለቀ። ያመጡት ወጥም መስኮቱ ሥር ረጋ።

መስኮቱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ስነቃ ምንም አይሸትም። ራበኝ። ከፍሪጅ የወጣ እርጎ በላሁ። አላስመለሰኝም። ከሰዓት ቀዝቃዛ ድንች ደገምኩ።

በሳምንቱ ማለዳ ውርጭ ገባና ስድስቱም ቡቃያዎች ተኙ። የደብረ ብርሃኑ ባለሙያ በውርጭ ተሸነፈ። ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ሲያወጣ አሳዘነኝ፤ መስኮቱም ሊዘጋ ነው ብዬ ለራሴም አዘንኩ። ታደሰ ግን ካፖርቱን ለብሶ ተመለሰና አጠገቤ ተቀመጠ።

«መስኮቱን አትዘጋውም? ቡቃያው እኮ ሞቷል።»

«አንቺ እየበላሽ ነው» አለኝ። አፍንጫው ቀልቷል።

ሚዛኑ ላይ ስወጣ አንድ ፓውንድ ጨምሬ ነበር። ሐኪሜ የትኩስ ምግብ ሽታ ማቅለሽለሽን እንደሚያብስ፣ ንጹሕ አየርና ቀዝቃዛ ምግብ ብዙ በሽተኛ እንደሚረዳ አስረዳችኝ፤ የባልዲዎቹን ነገር ስትሰማ ግን ኬሞ ላይ ያለ ሰው አፈርና ማዳበሪያ አጠገብ መተኛቱ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል ብላ ታደሰን እንደ ተማሪ ተቆጣችው። ሕክምናው አልተቋረጠም። ዛሬ ድኛለሁ።

አምላኬን፣ ሐኪሜን፣ አንገቴን ያዩልኝን አሮጊት አመሰግናለሁ። እናንተ የታመማችሁ፣ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ጠያቂዎች፣ ወጡን ትታችሁ እርጎ አምጡ። አስታማሚዎች ደግሞ ካፖርታችሁን ልበሱና መስኮቱን ክፈቱ።